ጀርባችሁን ለቀትር ፀሐይ

አሪሽ የባሕር ጥልቀት መለኪያውን እርሳስ ሁለት ጊዜ አዙሮ ከመርከቡ ፊት አሻግሮ ወረወረው። ገመዱ መዳፉን እየላጠ ይወርድ ጀመር፤ ሃያ ክንድ፣ አርባ፣ ስልሳ። በየሃያው ክንድ የታሰረው ቀይ የሱፍ ቋጠሮ በጣቶቹ መሐል ባለፈ ቁጥር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። መቶ ስልሳ አለፈ። ሁለት መቶ ላይ ገመዱ አለቀ፤ እርሳሱ ግን አሁንም ወደ ታች እየጎተተ ነበር።

"እህ?" አለው ፓልቲበኣል ከኋላ ሆኖ። ስልሳ ዓመት ያለፈው መሪ ያዥ ነው፤ ሁለቱን የመሪ መቅዘፊያዎች በብብቱ ሥር ሸጉጦ ቆሟል። "ነካ?"

"አልነካም አጎቴ። ወለል የለውም።"

"ቀስ ብለህ ተናገራ! ምን ያስጮህሃል?"

ግን ተሰምቷል። በግራና በቀኝ አግዳሚዎቹ ላይ ኩርምት ብለው የተቀመጡት ቀዛፊዎች አንገታቸውን አዙረው አዩት። ነፋሱ ከኋላ ሸራውን ስለሚገፋው የሚቀዝፍ አልነበረም፤ የሚቀዝፍ ቢኖርም ጉልበቱ ያለው ጥቂቱ ነው። አሪሽ ገመዱን እየሰበሰበ ሳለ ጣቶቹ ከብርዱ የተነሣ አልታዘዝ አሉት። እርሳሱ ሲወጣ ከታቹ ባለችው ጎድጓዳ ውስጥ የጠቀጠቀውን ሞራ አየ። ጧት እንደቀባው ነጭ ነው። አሸዋ የለ፣ ጭቃ የለ፣ የዛጎል ስባሪ የለ።

ይህን ሥራ ያስተማረው ጌርሳኩን ነበር። "ዐይንህ ይዋሻል፤ ሞራው ላይ የተጣበቀውን ቅመሰው" ይለው ነበር። ጌርሳኩን አሸዋ ቀምሶ ወንዝ ቅርብ መሆኑን ያውቃል፤ ጭቃ አሽትቶ መልሕቅ ይያዝ አይያዝ ይናገራል። አሁን ጌርሳኩን የለም። አሪሽ ስለ እሱ ላለማሰብ ይሞክራል፤ ግን በዚህ ባዶ ባሕር ላይ ሌላ ምን የሚታሰብ ነገር አለ?

የመርከቡ አለቃ ኡሩሚልክ ከቆዳ መጠለያው ወጥቶ መጣ። ጫፉ ሐምራዊ የሆነው ካባው በጨው ደርቆ እንደ ሰሌን ይንኮሻኮሻል።

"ስንት?"

"ሁለት መቶ፤ ምንም የለም ጌታዬ።"

"ድገመው።"

"የዛሬው ሦስተኛዬ ነው።"

"አራተኛ አድርገው! የብስ ቅርብ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀትር ፀሐይ ጀርባችንን ሰጥተን ወደ ሰሜን ሄደናል። የብሱ ደግሞ ሰሜን ነው። የት ይገባል?"

አሪሽ ወረወረው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሌላ ፍርሃት ነበረው። ከሦስት ቀን በፊት ያችን ፀሐይ መጀመሪያ ያያትና "ያውላችሁ ደቡብ!" ብሎ በደስታ የጮኸው እሱ ራሱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈርዖን ሦስት መርከብ ከቀይ ባሕር አስነሥቶ "የብሱን በቀኝ እጃችሁ እያያችሁ ዙሩ፤ በመልቃርት ዓምዶች፣ በምዕራቡ የባሕር በር፣ ገብታችሁ ተመለሱ" ካላቸው ሁለት ዓመት አለፈ። ከሌሎቹ ሁለት መርከቦች ጋር በቅርቡ በተነሣ ማዕበል ተለያዩ። አራት ቀን ባሕሩ ወደ ደቡብ ሲያንከባልላቸው ሰነበተና የብሱ ጠፋ። በአራተኛው ቀን፣ ልክ በቀትር፣ ደመናው ተቀደደና ፀሐይ ታየች፤ ከዚያ ወዲህ ጧትም ማታም የሰማዩ ጠርዝ ዙሪያውን ይደፈናል። ፀሐይ ስትወጣ አያዩአት፣ ስትጠልቅ አያዩአት፤ ኮከብም የለ። ቀትር ላይ ብቻ፣ ለጥቂት ጊዜ፣ በጉሙ ውስጥ ገርጥታ ትታያለች። እንደ እነሱ ላለ የጢሮስ ልጅ ግን ያ በቂ ነው። በቀትር ፀሐይ የምትቆመው በደቡብ በኩል እንደሆነ ጡት ሳይጥል ይማራል። ኡሩሚልክም የአባቶቹን ትእዛዝ ሰጠ፦ "ጀርባችሁን ለቀትር ፀሐይ!" ከዚያ በኋላ አቅጣጫቸውን በነፋሱና በሞገዱ እየጠበቁ ሄዱ።

ሄዱ፤ የብስ ግን አልመጣም። ብርዱ በየቀኑ ባሰ። የባሕሩ ቀለም እንደ ቅጥራን ጠቆረ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ክንፉ የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ነጭ ወፍ ይከተላቸዋል፤ ክንፉን አያርገበግብም፣ አይጮኽም፣ ዝም ብሎ ያያቸዋል። ዛሬ ጧት አየሩ የሊባኖስ ተራራ በረዶ ሸተተ። ከውሃው እንስራ የቀረው አራት ነው።

አራተኛውም ውርወራ ወለል አላገኘም። ኡሩሚልክ ወደ መጠለያው ተመለሰ፤ አሪሽ ግን የአለቃው አገጭ ሲንቀጠቀጥ አየው። ከብርዱ ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ምግብ አብሳዩ ካልቦ ውሃውን ሊያድል ተነሣ። ቁመቱ አጭር፣ ምላሱ ረጅም የሆነ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው በቀንድ ዋንጫ ግማሽ እየለካ ያልፋል።

"ጠጣ ወንድሜ፣ አታፍስስ! ይኸ ባሕር ወለል የለውም አሉን፤ እንደ አብዶሲር ሆድ ማለት ነው።"

ሳቅ የተሰማው ከሁለት ሰው ነው። አብዶሲር ግዙፉ ቀዛፊ ነው፤ ዋንጫውን ተቀብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና አፉን ጠረገ።

"ቀልድ አንተ። ዓሣ ሆድ ውስጥ ሆነህ ስትቀልድ እንሰማሃለን።"

"ዓሣውም ይሳቅ እንጂ! ምን አጠፋ?"

"ካልቦ፣ ዝም በል አልኩህ!" አብዶሲር ዋንጫውን መለሰለትና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ቢያደርገውም መርከቡ ላይ ያለ ሁሉ ሰማው። "አሁንም የተጠራ ሰው አለ በመካከላችን። ጌርሳኩንን ብቻ ነው ያራገፍነው። ሌላ አለ።"

አሪሽ ዐይኑን ገመዱ ላይ ተክሎ የማይፈታ ቋጠሮ መፍታት ጀመረ።

የተጠራ ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሞት የመረጠው ሰው ጥላው በቀትር ይገለበጣል። የሕያው ሰው ጥላ በቀትር ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ የተጠራ ሰው ጥላ ግን ወደ ደቡብ ዞሮ መንገድ ይመራዋል። እንዲህ ያለ ሰው መርከብ ላይ ከተገኘ ሞት እሱን ሊወስድ ሲመጣ መርከቡን ጨምሮ ይወስዳል። ስለዚህም ነው መርከበኛ የሌላውን ጥላ የማያየው፤ የሰው ጥላ ላይ ዐይን መጣል ጥሪ መጥራት ነው፣ የጥንት ነውር ነው።

ከሃምሳ ቀን በፊት በአንድ ባዶ ዳርቻ ነበሩ፤ ለስንቅ የዘሩትን ገብስ አጭደው ይወቁ ነበር። ፀሐይዋ በዚያ አገር አናት ላይ ስለምትቆም ቀትር ሲሆን ሰው ሁሉ በሸራው ጥላ ሥር ገብቶ ይተኛል። ጌርሳኩን ግን የአውድማውን ፈረቃ ለመለካት በትር ተክሎ ይጠብቅ ነበርና ብቻውን ቆሞ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ፊቱ አመድ መስሎ መጣና እንደ ሕፃን በግልጽ ተናገረ። "ጥላዬ ዞረብኝ ወንድሞቼ። ገና ወዳልሄድንበት በኩል ወደቀ። ምን ላድርግ?"

ኡሩሚልክ ሁሉንም ሰብስቦ በአማልክቱ ፊት አስማላቸው። በራሱ ላይ ያየ አለ? የለም። አንድ በአንድ "የለም" አሉ። ስለዚህ ጌርሳኩንን ማጭድ፣ የእሳት ድንጋይ፣ መንጠቆና አንድ ስልቻ ገብስ ሰጥተውት በዚያ ባዶ ዳርቻ ትተውት ሄዱ። ሲለያዩ አላለቀሰም። አሪሽን እጁን ይዞ ብቻ "የአንተስ ደህና ነው?" አለው። አሪሽም "የእኔ ደህና ነው" አለ።

ደህና አልነበረም። ጌርሳኩን ከመናገሩ አንድ ቀን በፊት ለሽንት ከአሸዋ ክምሩ ጀርባ ሄዶ ሳለ፣ እግሩ ሥር እፍኝ የምታህለውን የቀትር ጥላውን አይቷት ነበር። ወደ ደቡብ ወድቃለች። ልብሱን እንኳ በቅጡ ሳይሰበስብ ሮጦ ሸራው ሥር ገባና እስኪመሽ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ በዝናብና በደመና ተዘግቶ አርባ ቀን የየብሱን ዳር ዳር ሲሄዱ ሌሎች "ፀሐይ ጠፋች" እያሉ ሲያማርሩ እሱ በልቡ ያመሰግን ነበር። ጥላ የለማ! የሚገርመው፣ ያን ያህል ያማረረም አልነበረም።

አብዶሲር ከአግዳሚው ተነሥቶ ወደ መጠለያው ሄደ።

"ጌታዬ፣ ዕጣ ይጣልልን።"

ኡሩሚልክ ቆዳውን ገልጦ ወጣ። "ማን ነው የጠየቀ?"

"ሁላችንም። ውሃው የአራት ቀን ነው። የባሕሩ ጌታ ሰው ከፈለገ የፈለገውን ወስዶ መንገዱን ይልቀቅልን።"

አለቃው ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። "እንዲህ ነው?" አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አሪሽም ነቀነቀ፤ ባይነቀንቅ ምን ይሉታል?

"እንግዲያው ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ስትታይ" አለ ኡሩሚልክ። "የእኔም ስም ይገባል።"

ባዶ እንስራ ሰብረው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ስባሪ ሰጡት። ሁሉም የራሱን ምልክት በቢላዋ ጫረ፤ ፓልቲበኣል መልሕቅ፣ አብዶሲር የበሬ ቀንድ፣ ካልቦ ዓሣ። አሪሽ የእርሳስና የገመድ ምልክቱን ሲጭር ሁለት ጊዜ አበላሸው። ዕጣው ማንን እንደሚያወጣ ያውቃል። አማልክት አይሳሳቱም። በዚህ መርከብ ላይ የተጠራው እሱ ነው፤ ጓደኛውን በባዶ ዳርቻ ጥሎ የዋሸው እሱ ነው። ያን ጥቁር ውሃ ተመለከተ። ሁለት መቶ ክንድ ወርዶ ምንም ያልነካውን እርሳስ አሰበ። እሱም እንደዚያ ሊወርድ ነው፤ ዐይኑ እያየ፣ ሳያርፍ፣ ሳያርፍ። ከመርከቡ ጠርዝ ላይ ተደፍቶ አስመለሰ። የወጣው ግን ያቺ ግማሽ ዋንጫ ውሃ ብቻ ናት።

እዚያው እንደተደፋ ነው ሐሳቡ የመጣለት።

ጌርሳኩን ጥላው ወደ ደቡብ ወደቀ። የእኔም ወደቀ። አንድ ቀን ልዩነት፣ አንድ ቦታ። ጥላ የሚወድቀው ፀሐይ ከቆመችበት በተቃራኒ ነው። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሞት ከጠራ... ወይስ ሞት ማንንም አልጠራም? ወይስ በዚያ አገር ፀሐይዋ ራሷ አልፋን ወደ ሰሜን ሄዳ ነበር? ከዚያ ወዲህ ደግሞ አርባ ቀን ወደ ደቡብ ሄደናል። ፀሐይ አሁን በሰሜን ከሆነች፣ ለቀትር ፀሐይ ጀርባ የሰጠ መርከብ የሚሄደው ወደ የት ነው?

ብርዱን አሰበ። ወለል የሌለውን ውሃ አሰበ። የብሱ ፊታቸው ሳይሆን ጀርባቸው ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ እየሸሹት ነው። "ያውላችሁ ደቡብ!" ብሎ የጮኸው ደግሞ እሱ ነው።

ይህን ለመናገር ግን ማስረጃው አንድ ብቻ ነው፦ የራሱ ጥላ። አፉን በከፈተ ቅጽበት የተጠራ ሰው መሆኑን አመነ ማለት ነው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አለ በልቡ። ምናልባት የብሱ ነገ ይታያል። ምናልባት ዕጣው ይስታል።

ቀትር ላይ ጉሙ ሳሳና ፀሐይ እንደ ታጠበ የብር ሳሕን ከኋላቸው ብቅ አለች። ስባሪዎቹን ባዶ እንስራ ውስጥ ጨመሯቸው። ኡሩሚልክ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ አማሰለ፤ ረጅም ጊዜ አማሰለ። ሲያወጣ ጡጫው አልዘረጋ ብሎት በሌላ እጁ ጣቶቹን አላቀቃቸው።

"ዓሣ" አለ።

ካልቦ ዙሪያውን አየ፤ ሌላ ዓሣ የጫረ ሰው የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ ሊስቅ ሞከረ። "ይኸውላችሁ... እኔ እኮ ለባሕሩ ጌታ ቁርስም አልሆንም። አጥንት ነኝ። አብዶሲርን ብትሰጡት ይሻለዋል።"

ሁለት ሰዎች ብብቱን ያዙት። ፓልቲበኣል መሪውን ለሌላ አስይዞ መጣና ግንባሩን ዘይት ቀባው፣ እጆቹንም በነጭ ሱፍ ፈትል አሰረ። ካልቦን እግሩ ወለሉ ላይ እየተጎተተ ወደ ጠርዙ ወሰዱት። በመጨረሻ ቀልዱ ሁሉ አለቀበትና እንደማንኛውም ሰው ጮኸ። "እናቴ! ኧረ ወንድሞቼ! አብሬያችሁ የበላሁ! ኧረ ተዉኝ!"

"አቁሙ!"

አሪሽ ድምፁ የራሱ መሆኑን ያወቀው ሁሉም ዞረው ሲያዩት ነው።

"እሱን ልቀቁት። እኔ ነኝ።"

"አንተ ምን?" አለ አብዶሲር።

"የተጠራሁት። ጥላዬ ዞሯል። ከጌርሳኩን በፊት ባንድ ቀን፣ ከአሸዋው ክምር ጀርባ አየሁት። በአማልክቱ ፊት ዋሸሁ።"

ከዚያ አብዶሲር ደርሶ ጉሮሮውን አነቀው፤ ከኋላ ደግሞ ሌሎች እጆች ያዙት። አሪሽ ጠርዙ ወገቡን ሲነካው ተሰማው። ከሥሩ ያለውን ውሃ ላለማየት ዐይኑን ጨፈነ።

"ጣሉኝ" አለ በታነቀ ድምፅ። "ግን መጀመሪያ መርከቡን አዙሩት! የዞረው ሰው አይደለም፤ ፀሐይ ናት። እዚያ አገር ሳለን አልፋን ወደ ሰሜን ሄዳለች። ጀርባችንን የሰጠነው ለሰሜን ነው። ወደ ደቡብ እየሄድን ነው፣ ወደ ምንም!"

"ፀሐይ ከቦታዋ ተነሣች? ነፍስህን ለማትረፍ ፀሐይን ታነሣለህ?"

"ነፍሴን ለማትረፍ ቢሆን ዝም አልልም ነበር? ዕጣው እኮ የካልቦ ነው!"

የአብዶሲር እጅ ግን አልላላም። ፓልቲበኣል ቀስ ብሎ በመካከላቸው ገባ።

"ቆይ፣ ቆይ አንተ ልጅ። እስቲ በደንብ ልስማው" አለ ሽማግሌው፤ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። "አንድ ሰው ጥላው ከዞረ ሞት ጠርቶታል። ሁለትም ቢሆኑ ጠርቷቸዋል እንበል። የሁላችንም ከዞረ ግን... ያን ጊዜ የዞረችው ፀሐይ ናት።"

ሁሉም የተናገረውን ተረዱት። ስለተረዱትም ነው ማንም ሰው ያልተነፈሰው። ሁለተኛ ሆኖ የተናገረ ሦስተኛ ባያገኝ ከአሪሽ ጋር አብሮ ወደ ባሕር ይጣላል። ሞገዱ መርከቡን አነሣው፣ አወረደው። ያ ነጭ ወፍ ከምሰሶው በላይ ቀጥ ብሎ ተንሳፍፏል። አሪሽ ዐይኑን ገልጦ ፊታቸውን ተራ በተራ ይማጸን ጀመር፤ እነሱ ግን ወደ ወለሉ አቀርቅረዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አለ በልቡ። ኧረ ስለ አማልክት!

"የእኔም" አለ ካልቦ።

እጆቹ እንደታሰሩ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ገና አሁን ከሞት አፍ ወጥቶ ተመልሶ ራሱን ሲያስገባ የሚሠራውን የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

"የእኔም ዞሮ ነበር። ድስት ላጥብ ወጥቼ። ለማን ልናገር? ጌርሳኩንን ያደረጋችሁትን አይቼ?"

"ያደረግነውን" አለው ፓልቲበኣል። "የእኔም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ለሽማግሌ ነው የመጣው፣ ዕድሜዬ ደረሰ ብዬ ደብቄው ነበር።"

ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ድምፅ "የእኔም" አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ከግራና ከቀኝ፣ አንዳንዱ እየጮኸ፣ አንዳንዱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። በአሪሽ ጉሮሮ ላይ ያለው እጅ ላላ። አብዶሲር ያን የሚያህል ሰውነቱ እየተናጠ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

"በእናቴ እምላለሁ፣ እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ..." አለና አልጨረሰውም።

የቀረው አለቃው ነው። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ኡሩሚልክ የካልቦን ስባሪ አሁንም እንደያዘ ነበር።

"በመከሩ በመጀመሪያው ቀን" አለ። "ከሁላችሁም በፊት። ጌርሳኩን መጥቶ ሲናገር ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? እፎይ አልኩ። ሞት እኔን ፍለጋ መጥቶ እሱን አገኘ አልኩ።" ስባሪውን ወደ ባሕሩ ጣለው። "ምን ትጠብቃላችሁ? አዙሩት!"

እንደዚያን ቀን መቅዘፊያ የተያዘበት ጊዜ አልነበረም። ሸራው ወረደ፣ መርከቡ በሞገዱ ላይ ተጋድሞ ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም፤ ከዚያ ቀና አለና ግንባሩ ላይ የተቀረጸው የፈረስ ራስ ገርጥታ ወደምታበራው ፀሐይ ዞረ። ነፋሱ አሁን ፊት ለፊት ነው። አራት ቀን ቀዘፉ። ውሃው በግማሽ ዋንጫ፣ ከዚያ በሩብ፣ ከዚያ ጥፍር በምታህል ጠብታ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ነጩ ወፍ ትቷቸው ተመለሰ። አሪሽ በየሰዓቱ እርሳሱን ይጥላል፤ በጣለው ቁጥር ልቡ አብሮት ይወርዳል። ተሳስቼስ ከሆነ? ይህን ሁሉ ሰው አሳምኜ ከውሃ ማጣት ብገድለውስ?

በአራተኛው ቀን ጧት ገመዱ መቶ ስልሳ ላይ ላላ።

አላመነም። ሳብ አድርጎ ደገመው። ነካ። እየተንገዳገደ ሲሰበስበው ሞራው ላይ ደቃቅ ግራጫ አሸዋና የጥቁር ዛጎል ስባሪ ተጣብቆ ወጣ። ወደ አፉ ወሰደና ቀመሰው፤ እንባው ግን ከአሸዋው ጋር ስለተቀላቀለ ምን ምን እንደሚል ሊለይ አልቻለም። ካልቦ ከኋላው አንገቱን አቅፎ "ጣፈጠ? ጨው ልጨምርበት?" አለው፤ ሁለቱም ሳቃቸውን ማቆም አቃታቸው። ከቀትር በፊት የብሱ ታየ፤ ዝቅ ያለ ቡናማ መሬት፣ ከኋላው ጠፍጣፋ ተራራ፣ በመካከሉም ወደ ባሕር የሚገባ ንጹሕ ወንዝ።

ሦስት ቀን ጠጡ፣ ተኙ፣ እንስራዎቹን ሞሉ። በአራተኛው ቀን የመርከቡ ግንባር ገና ወደ የብሱ እንደዞረ መልሕቁ ሲነሣ ነፋሱ ከምሥራቅ ይነፍስ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነፋስ ወደ ምዕራብ ሸራ ለሰቀለ ሰው ስጦታ ነው። ፓልቲበኣል መሪዎቹን በብብቱ ሸጎጠና ወደ አለቃው አየ።

"ወዴት ላድርገው ጌታዬ?"

ተራ ጥያቄ ነበር። ኡሩሚልክ ግን በአግዳሚዎቹ መሐል እየሄደ መጥቶ ከምሰሶው ሥር ቆመ።

"በግራ ቤት ነው" አለ። "በቀኝ ጌርሳኩን ነው። በዚህ ነፋስ ላይ ስልሳ ቀን፣ ምናልባትም ሰባ። ማዕበሉም እዚያው ነው ያለው። እኔ አላዝዝም፤ አንድ ጊዜ አዝዣለሁ፣ ይበቃኛል። ወደ ቀኝ የሚል ሰው እጁን ያንሣ። አንድ እጅ ካየሁ እዞራለሁ።"

ሸራው ይርገበገባል። አብዶሲር መቅዘፊያውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ሳይጠራሩ፣ ወደ አሪሽ ዞሩ። ባለፈው የተናገረው እሱ ነውና።

አሪሽ እርሳሱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር። ጌርሳኩን እጁን ይዞ "የአንተስ ደህና ነው?" ሲለው ታየው። እጁ ሊነሣ ሲል ተሰማው፤ በእርግጥም ተሰማው። ከዚያ ያ ጥቁር ውሃ ታየው፣ የአብዶሲር ጣቶች ጉሮሮው ላይ፣ የመርከቡ ጠርዝ ወገቡ ላይ። ፍርሃቱ ከነበረበት ተነሥቶ መጣ፤ ለካ የትም አልሄደም ነበር።

ከሥሩ ካለው ገንቦ እፍኝ ሞራ ዝቆ የእርሳሱን ጎድጓዳ ይሞላ ጀመር። በግራው እርሳሱን ይዞ በቀኙ ይጠቀጥቃል። ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ።

ፓልቲበኣል እጅ ይነሣ እንደሆነ ጠበቀ። ከዚያ መሪውን ወደ ግራ አደረገው።